እንግዳው የማን አገልጋይ ነው?

በደጋው አገር ዝናሙ ሲጠነክር፣ መንገዱም ሁሉ ጭቃ ሲሆን፣ በየዓመቱ ከባሕር ማዶ እንግዶች ወደ ማኅበሮቻችን ይመጣሉ። በክረምት የሚመጡበት ምክንያት ሌላ አይደለም፤ በእነርሱ አገር ያን ጊዜ በጋ ስለ ሆነ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ሠራተኛውም የዕረፍት ፈቃዱን ያገኛል። ከእነርሱ መካከል አሜሪካውያንና አውሮፓውያን አሉ። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ በእነዚያው አገሮች ከተሞች ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበሮች የሚልኳቸው የእኛው ልጆች፣ አማርኛውን ወይም ኦሮምኛውን ከእናታቸው ጓዳ ብቻ የተማሩ ወጣቶች፣ እንዲሁ ይደርሳሉ። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቀመጣሉ። ግድግዳ ቀለም ይቀባሉ፤ ሕፃናትን መዝሙር ያስተምራሉ፤ ከመካከላቸው ሐኪም ካለ ሕመምተኞችን ያያል፤ እሑድም በአስተርጓሚ ይሰብካሉ። ከዚያ በኋላ አልቅሰው፣ እኛንም አስለቅሰው ይሄዳሉ።

እንግዳን መቀበል ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ የሚከራከር ክርስቲያን በመካከላችን የለም። አብርሃም በቀትር ጊዜ ለሦስቱ መንገደኞች ከድንኳኑ ደጃፍ ተነሥቶ እንደ ሮጠ ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተናል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እንግዳው «ላገለግል መጣሁ» ሲል የማን አገልጋይ ሆኖ ነው?

ሲታይ ሦስት ጌቶች ያሉት ይመስላል። የላኩትና የመንገዱን ዋጋ የከፈሉለት ወገኖቹ፣ ሲመለስ የሠራውን ሥራ እንዲነግራቸው ይጠብቃሉ። የተቀበሉት ምእመናን የራሳቸው ችግር፣ የራሳቸው አሳብ፣ የራሳቸውም ሽማግሌዎች አሏቸው። ከሁሉም በላይ ጌታ አለ። «እኔ የማገለግለው ጌታን ነው» የሚለው መልስ እውነት መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ይህ መልስ ፈጥኖ ሲነገር ልናስተውል ይገባናል። የጌታን ስም ከጠራ በኋላ ሰውን መስማት የቀረለት የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለምና። የገዛ ፈቃዱን የጌታ ፈቃድ ብሎ የሚሰይም አገልጋይ በባሕር ማዶም በእኛም መንደር ይገኛል። እኛ በመስቀያው ላይ ጥቁር ልብስ የተሰቀለልን ሰዎች ከሌላው ይልቅ ለዚህ ፈተና ቅርብ ነን።

ጌታችን ራሱ አገልጋዮቹን ሲልክ ምን እንዳዘዛቸው እንመልከት። በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ሰባውን ሲልክ ኮረጆና ከረጢት እንዳይዙ፣ በገቡበትም ቤት የቀረበላቸውን እንዲበሉ፣ ከቤት ወደ ቤትም እንዳይዘዋወሩ አዟል። ይህን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ስለ ድህነት እንደ ተነገረ አድርገን እንሰብከዋለን። ሌላም ነገር ግን አለበት። ስንቁን ይዞ የሚሄድ ሰው የባለቤቱን ፊት ሳያይ ሊኖር ይችላል፤ ባዶ እጁን የሚሄድ ግን በባለቤቱ ማዕድ ላይ ይወድቃል። የሚበላውን የሚመርጥለት፣ የሚያድርበትን የሚያሳየው ባለቤቱ ነው። ጌታ የላካቸውን ሰዎች ስለ መንግሥተ ሰማያት የሚናገሩ እንጂ በሰው ቤት የሚያዙ አላደረጋቸውም። እርሱም ራሱ በሲካር የውኃ ጕድጓድ አጠገብ ከሳምራዊቱ ሴት ጋር ሲነጋገር አስቀድሞ ውኃ ለመናት፤ የሚሰጣትን የነገራት ከለመናት በኋላ ነው።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀን በሮሜ መልእክት በ15ኛው ምዕራፍ ፍጻሜ ያለው የሐዋርያው ልመና ነው። ጳውሎስ ከመቄዶንያና ከአካይያ ማኅበሮች በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ቅዱሳን ገንዘብ ሰብስቧል። ገንዘቡን ይዞ ሊሄድ ሲነሣ የሮሜን ሰዎች ስለ ሁለት ነገር እንዲጸልዩለት ይለምናቸዋል። አንደኛው በይሁዳ ካሉ ከማያምኑ ሰዎች እጅ እንዲድን ነው፤ ይህን እንረዳዋለን። ሁለተኛው ግን ለኢየሩሳሌም የሚያደርገው አገልግሎት በቅዱሳኑ ዘንድ ደስ የሚያሰኝ እንዲሆን ነው። ሰዎቹ ድሆች ናቸው፤ ገንዘቡም በእርሱ እጅ ነው። ታዲያ ምን ያስፈራዋል? ዛሬ አንድ ማኅበር ለተራበ ማኅበር ገንዘብ ይዞ ሲሄድ «ይቀበሉን ይሆን?» ብሎ ጸሎት የሚያስይዝ ይገኛልን? የሚጸልየው ለመንገዱ፣ ለጤንነቱና ለጉምሩኩ ነው። ጳውሎስ ግን የኢየሩሳሌም ሰዎች ከአሕዛብ ማኅበሮች የመጣውን ስጦታ እምቢ ሊሉ እንደሚችሉ ያውቃል፤ እምቢ ለማለትም ሥልጣን እንዳላቸው ያውቃል። ስለዚህ በሩ እንዲከፈትለት ይለምናል። በ2ኛ ቆሮንቶስ በ8ኛው ምዕራፍ ደግሞ ገንዘቡን ብቻውን እንዳይዝ፣ ማኅበሮቹ የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲሄድ ማድረጉን እናነባለን። ሐዋርያ ነው፤ ቢሆንም ለሰጪዎቹም ለተቀባዮቹም ራሱን ተጠያቂ አደረገ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባል። ተቀባዩ እምቢ ሊለው የማይችለውን ነገር ስጦታ ብለን ልንጠራው እንችላለንን? ለእኛ አይመስለንም። እምቢ ማለት በማይቻልበት ስፍራ እሺታ ከፍርሃት ወይም ከእፍረት የሚለይበት ምልክት የለውም።

በአገራችን ታሪክ ሁለቱም ዓይነት እንግዳ ታይቷል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1625 ወደ ኢትዮጵያ የገባው የሮማው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በንጉሥ ሱስንዮስ ሥልጣን ተደግፎ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ የአባቶች ሥርዓትም እንዲለወጥ ጠየቀ። ከኢየሱሳውያኑ መካከል ቋንቋችንን አጥርተው የተማሩና ብዙ የደከሙ ሰዎች ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ትምህርታቸው እምቢ የማይባል ስለ ሆነ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632ም ሱስንዮስ ራሱ ሕዝቡ ወደ ቀድሞው ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀደ። ከዚያ ወዲያው የሉቤክ ከተማ ተወላጅ የሆነው ሉተራዊ ፔተር ሄይሊንግ ከግብፅ ከመጡት ከአቡነ ማርቆስ ጋር ወደ ጎንደር አገር ገባ። ይህ ሰው ሐኪምም መምህርም ነበር። የራሱን ማኅበር አላቆመም፤ በነበረችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆኖ አስተማረ፤ የዮሐንስን ወንጌልም ወደ አማርኛ እንደ መለሰ ይነገርለታል። ስለ እርሱ የቀረልን ታሪክ ጥቂት ነው፤ በግድ የሠራው ሥራ ግን አይነገርበትም።

ይህን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር በጎን እናስታውስ። በሉተራውያንና በኢትዮጵያውያን መካከል መጀመሪያ እንግዳ የሆነው ኢትዮጵያዊ ነበር። በ1534 ዲያቆን ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ወደ ዊተንበርግ ሄዶ ከማርቲን ሉተርና ከፊልጶስ ሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖትና ስለ ቅዳሴ ተነጋገረ። ሉተርም የሥርዓት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ ተረድቶ የወንድማማችነት ደብዳቤ ተሰጠው። እንግዳው ሊያስተምር ወይም ሊማር እንደ መጣ ከመጠየቁ በፊት እንደ ወንድም ተሰማ። ልጆቻችን ዛሬ ወደ ጀርመን ሲሄዱ የሚጎበኙት ከተማ ይህን እንግዳ የተቀበለ ከተማ መሆኑን ቢያውቁ መልካም ነው።

ነገሩ ግን በዚህ ብቻ አይፈታም። ባለቤቱ ሁልጊዜ ትክክል ነውን? በ1850ዎቹ አጋማሽ ከስዊስ አገር ከቅድስት ክሪሾና የወንጌል ትምህርት ቤት የተላኩ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ወደ አፄ ቴዎድሮስ መጡ። አሳባቸው እየሠሩ ወንጌልን ማስተማር ነበር። ንጉሡ ግን ከሁሉ ይልቅ የፈለገው እጃቸውን ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሰፍረው መንገድ ሠሩለት፤ በኋላም መድፍ እንዲያቀልጡለት አጥብቆ ያዛቸው። ሴባስቶፖል የተባለው፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ ከእጃቸው ወጣ፤ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ እስከ መቅደላ ደረሰ፤ እስከ ዛሬም በዚያው አለ። ባለቤቱ ጠየቀ፤ እንግዳው ታዘዘ። ይህ አገልግሎት ነውን? የንጉሥ ቁጣ በላዩ ላይ ያንዣበበበትን ሰው ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ስለ ሆነ እኛ በእነርሱ ላይ አንፈርድም። ይሁን እንጂ ወንጌል ይዞ የመጣ እጅ መድፍ ሲያቀልጥ ስናይ፣ መታዘዝ ብቻውን እንደማይበቃ እንረዳለን።

ስለዚህ እንዲህ እንለያለን። እንግዳው ሕሊና አለው፤ ሕሊናውም የእግዚአብሔር ነው። ሕሊናው የሚከለክለውን ሥራ ባለቤቱ ቢጠይቀው እምቢ ሊል ይገባዋል፤ አስፈላጊም ከሆነ ጓዙን ጠቅልሎ ሊመለስ ይችላል። ሕሊና የሚሰጠው ሥልጣን ግን በዚህ ያበቃል። ከሥራ የመታቀብ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ በሰው ቤት የመሾምና የመሻር ሥልጣን አይሰጠውም። «ይህን አልሠራም» የሚል እንግዳ የተከበረ ነው። «ይህን ካልሠራችሁ ገንዘቡ አይመጣም» የሚል እንግዳ ግን ሕሊናውን ሳይሆን ቦርሳውን እያናገረ ነው። ሁለቱ አነጋገሮች በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ትሕትና፣ በአንድ ጸሎት መካከል ሊነገሩ ስለሚችሉ መለየቱ ይከብዳል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እምቢ የማለት ሥልጣን በባለቤቱ እጅ ነው ብለናል፤ እኛ ባለቤቶቹ እንጠቀምበታለንን? በእኛ ሕዝብ ዘንድ ይሉኝታ የሚባል ብርቱ ገዥ አለ። ይሉኝታን መናቅ አይገባም። ይሉኝታ የሌለው ሰው ጎረቤቱን አይጠይቅም፣ ለቅሶ አይደርስም፣ ያለውን አያካፍልም፤ ባለጌ ይባላል እንጂ ነጻ ሰው አይባልም። ነገር ግን ይህ ገዥ ከእውነት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያደርግ እናስተውል። እንግዶቹ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው «የጸሎት ቤታችሁን ግድግዳ ቀለም ብንቀባው ትወዳላችሁን?» ብለው ይጠይቃሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ግድግዳው ባለፈው ክረምት በመጡ ሌሎች እንግዶች ተቀብቷል። ሽማግሌዎቹን የሚያስጨንቃቸው የወንጌላዊው ደመወዝ ሦስት ወር መዘግየቱና የጣሪያው ቆርቆሮ መዛጉ ነው። የደመወዝን ነገር ለእንግዳ መንገር ግን ገበናን ማውጣት ነው። ሰዎቹም ከሩቅ አገር መጥተዋል፤ ቀለሙን ገዝተዋል፤ ብሩሹንም ይዘዋል። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ጉሮሮውን ጠርጎ «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ደስ ይለናል» ይላል። በዚያች ማታ እንግዶቹ ማኅበሩ አሳባቸውን በደስታ እንደ ተቀበለ ለቤተ ሰቦቻቸው ይጽፋሉ። በዚያችው ማታ ደግሞ በሽማግሌው ቤት ምድጃ ዙሪያ ስለ ቀለሙ ብዙ ይሳቃል።

ከእነዚህ ሰዎች የዋሸው ማን ነው? እንግዳው ጠይቋል፤ ስለዚህ ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል። ሽማግሌው እንግዳ አላሳፈረም፤ ስለዚህ እርሱም ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል። በሁለቱ ጨዋ ሰዎች መካከል ግን እውነት ወድቋል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ ስለ መሐላ ሲያስተምር እሺታችንና እምቢታችን እንዲሁ እንዲሆን ያዘዘን ለገበያና ለፍርድ ቤት ብቻ አይደለም። ከአንገት በላይ የሆነ እሺታ ለጥቅም ተብሎ ከሚነገር ሐሰት እንደሚቀልል እናምናለን፤ ፍቅርም አለበት። ይሁን እንጂ እንግዳው የመጣበትን ነገር ይነፍገዋል። ሊያገለግል መጣ፤ እኛም አገልግሎት የሚያስፈልገውን ስፍራ ሸፈንበት። በዮሐንስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ጴጥሮስ እግሩ እንዳይታጠብ በከለከለ ጊዜ ስለ ጌታው ክብር የተቆረቆረ ይመስላል። ነገር ግን መታጠብ ማለት አቧራ የያዘውን እግር በሚታጠብበት ሰው ፊት መዘርጋት ነው። የእኛ አቧራ የወንጌላዊው ደመወዝ ነው፣ የሽማግሌዎች ጠብ ነው፣ የሒሳብ መዝገቡ ጉድለት ነው። እነዚህን ለወንድም ሳናሳይ «አገልግሉን» ማለት እግራችንን ከልብሳችን በታች ሰብስበን ውኃ እንደ መጠየቅ ነው።

በዚህ መካከል የሚቆመው አስተርጓሚ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ጊዜ አናስብም። አስተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ነው፤ እንግሊዝኛውን በትምህርት ቤት የተማረ፣ ከእንግዶቹም ጋር ወዳጅነት የመሠረተ። ሽማግሌው «እስቲ እናስብበት» ሲል ይህ በእኛ ዘንድ እምቢ ማለት መሆኑን ያውቃል፤ እንዲህ ብሎ ቢመልሰው ግን እንግዶቹ ይከፋሉ፣ እርሱም ባለጌ ይባላል። ስለዚህ «ደስ ብሎናል ይላሉ» ብሎ ይመልሰዋል። ሰው በልጁ ላይ ሸክም ሲጭን ክብደቱን መመዘን አለበት። በአንድ ወጣት ምላስ ላይ የሁለት ቤተ ክርስቲያን ይሉኝታ ተጭኖበታል።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስለን ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ1998 በጥቅምት ወር መጨረሻ ሚች የተባለው ማዕበል በማዕከላዊ አሜሪካ ያለችውን ሆንዱራስን መታ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙ ቤቶችም ፈረሱ። ከሰሜን አሜሪካ የመጡ የክርስቲያን ቡድኖች ቤት ሊሠሩ ጎረፉ። ኩርት ቨር ቢክ የሚባል የአንድ የክርስቲያን ኮሌጅ መምህር በኋላ ነገሩን መርምሮ በ2006 አሳተመ። የአውሮፕላኑ ዋጋ ሲታሰብ እንግዶቹ የሠሩት አንድ ቤት ወደ 30,000 ዶላር ወጥቶበታል፤ የአገሩ ድርጅቶች ግን ያንኑ ዓይነት ቤት በ2,000 ዶላር ያህል ሊሠሩ ይችሉ ነበር። ቤቱ በእንግዳ እጅ ወይም በአገሬው እጅ መሠራቱም በቤተ ሰቦቹ ኑሮ ላይ የሚታይ ልዩነት አላመጣም። አባቶቻችን ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ያሉት ይህን የመሰለውን ነገር አይተው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው እነርሱ ይቅሩ፣ ገንዘቡ ብቻ ይምጣ» የሚል አንባቢ ይኖራል። በዚህ አንስማማም። ያ አባባል ብልህ ይመስላል፤ ወንድምን ወደ ሒሳብ ቁጥር ግን ይለውጠዋል። ሰው ሳይመጣ የሚመጣ ገንዘብ ከሩቅ ያዛል፤ ፊት ስለሌለውም መልስ አይሰማም። በሬና ሰርዶ የአንድ አገር ቢሆኑም፣ ቤተ ክርስቲያን የአንድ አገር አይደለችም፤ በሐዘናችን ቀን ከባሕር ማዶ መጥቶ አጠገባችን የተቀመጠ ወንድም በምን ዋጋ ይተመናል? ቁጥሩ የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። በሆንዱራስ ካሉት ባለቤቶች አንድ ሰው ተነሥቶ «ወንድሞቻችን ሆይ፣ በዚህ ገንዘብ ከአንድ ቤት ይልቅ ብዙ ቤት እንሥራ፤ እናንተም መጥታችሁ አብራችሁን ጸልዩ» ለማለት ነጻነት ነበረውን? ከነበረውስ የሚሰማው ጆሮ ነበርን?

በእኛው ምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ያለውን ነገር በግልጥ የተናገሩ ሰዎች ተነሥተዋል። የምሥራቅ አፍሪካ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኬንያዊው ጆን ጋቱ በ1971 ሚሲዮናውያኑና ገንዘቡ ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንዲቆሙ ጠየቁ። ጥያቄው ብዙዎችን አስቈጣ። እኛም ሁሉንም አንቀበልም፤ በሩን መዝጋት የተዘጋውን አፍ አይከፍትምና። ነገር ግን ለእንግዳ ፊት ለፊት የተነገረ እምቢታ እንደ ነበረ እንመሰክራለን። በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም በ1972 በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በኩል ለረዳቶቿ ደብዳቤ ጽፋለች። ረዳቶቹ ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ቤትና ለልማት እጃቸው ተዘርግቶ ሳለ፣ ለወንጌል ስብከትና ለማኅበሮች አገልግሎት ሲጠየቁ ይቈጥቡ ነበር። ደብዳቤው ሰው አንድ መሆኑን፣ ሥጋውንና ነፍሱን በሁለት መዝገብ ከፍሎ መርዳት እንደማይገባ፣ በአገሪቱ ስለሚያስፈልገው ነገር ከሁሉ ይልቅ በአገሪቱ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ልትሰማ እንደሚገባት ተናገረ። እስቲ የጻፉትን ሰዎች አስቡ። ረዳቶቻቸውን ነው ያረሙት፤ በጀታቸውም ከእነዚያው ሰዎች እጅ ይመጣ ነበር። ይሉኝታ ጸሐፊውን ያልያዘው እንግዶቹን ስለ ናቀ አይደለም። ወንድም ናቸው ብሎ ስላመነ ነው።

በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በደርግ ዘመን ከታሰሩ በኋላ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢቀርብላቸውም መንጋቸውን ትተው አልሄዱም፤ በ1979 ተወስደው ተገደሉ። ይህን የምንጠቅሰው ለነገራችን ስለሚያስፈልግ ነው። የባለቤቱ ቃል ከእንግዳው ቃል ይልቅ ሊከብድ የሚገባው ባለቤቱ ብልህ ወይም ቅዱስ ስለ ሆነ አይደለም። የሚቀረው እርሱ ስለ ሆነ ነው። እንግዳው በሠራው ስሕተት ውስጥ አይኖርም፤ የመመለሻ ትኬቱ በኪሱ ነው። ከ1936 እስከ 1941 በጣልያን ወረራ ዘመን ሚሲዮናውያኑ ከአገር ሲወጡ፣ በደምቢ ዶሎ አካባቢ ምእመናኑን የጠበቁ ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለንና ባልንጀሮቻቸው ነበሩ። ከዚያ በፊት በስዊድን ሚሲዮን ዘመን፣ ለኦሮሞ ሕዝብ ወንጌልን ለማድረስ በ1866 ምጽዋ የደረሱት እንግዶች ለብዙ ዓመታት መንገድ ሲፈልጉ ኖሩ፤ በ1899 መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ያሳተመው ግን ከባርነት ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው፤ አስቴር ጋኖም በቋንቋው ሥራ ከእርሱ ጋር ደክማለች። ስዊድናውያኑ ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ፤ ኦኔሲሞስን አስተማሩት፣ ሥራውንም ለእርሱ ተዉለት። የእንግዳ ትልቁ ሥራ ይህ ሳይሆን ይቀራልን?

አንዳንድ ሽማግሌዎች «ታዲያ ምን እናድርግ?» ብለው ጠይቀውናል። እንግዶቹ ከመምጣታቸው ከብዙ ወራት በፊት ደብዳቤ እንጻፍላቸው ብለናል። በደብዳቤው ስለ ሰላምታ አንድ አንቀጽ ይበቃል። ከዚያ ቀጥሎ የማኅበሩ የሒሳብ ሁኔታ እንዳለ ይጻፍ፤ የወንጌላዊው ደመወዝ ስንት ወር እንደ ዘገየ ይጻፍ። ግድግዳው እንደ ተቀባ ይነገር። በክረምት ገበሬው በእርሻና በአረም ስለሚያዝ፣ መንገዱም ስለሚቈረጥ፣ ቢቻላቸው መኸር ከገባ በኋላ በጥር ወር እንዲመጡ ይለመኑ። ወጣቶቻቸው ከወጣቶቻችን ጋር አብረው መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያጠኑ፣ ሐኪማቸውም በራሱ ድንኳን ሳይሆን በአቅራቢያችን ባለው ጤና ጣቢያ ከሚሠራው ነርስ ጋር እንዲሠራ ይጠየቁ፤ እነርሱ ከሄዱ በኋላ በሽተኛውን የሚከታተለው ያ ነርስ ነውና። ልንነግራቸው የሚያሳፍረንን ነገር እነርሱም የሚያሳፍራቸውን እንዲጽፉልን እንለምናቸው። በእነርሱም አገር የጸሎት ቤቶች ወንበር እየባዶ መሆኑን ሰምተናል፤ ስለዚያ ግን አንድም እንግዳ ጸልዩልን ብሎን አያውቅም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን ሰምተው «ደብዳቤውን አንብበው ቢቀሩስ?» አሉን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሊቀሩ ይችላሉ። በጥር ፈቃድ የማያገኙ ይኖራሉ፤ ሌላ፣ እሺ የሚላቸውን ማኅበር የሚፈልጉም ይኖራሉ። ያን ጊዜ የጣሪያው ቆርቆሮ አንድ ክረምት ይጨምራል፤ ከመሠዊያው በስተ ግራ ያለው ማፍሰሻ ሥርም ባልዲ እናስቀምጣለን። ወንጌላዊውም እስከ መኸር ድረስ ከምእመናኑ እህል ይሰፈርለታል፤ ስለዚህ ጉዳይ ሽማግሌዎቹ በሚመጣው ወር መጀመሪያ ይሰበሰባሉ።